ክፍሉን ያዳመጠው መምህር፤ የዋላስ ሳቢን አጭር የሕይወት ታሪክ

በዛሬው ዕትም የማቀርብላችሁ ካረፈ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን የአንድ መምህር ታሪክ ነው። ሰውየው አሜሪካዊ ነው፤ ስሙም ዋላስ ክሌመንት ሳቢን ይባላል። የመርሳን ልጅ ከአሜሪካ መምህር ጋር ምን አገናኘው የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደ ሳቢን ከመሄዴ በፊት እኔን ወደ እሱ ያደረሱኝን ሁለት ነገሮች ላስቀድም።

ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነበርኩ። ለወላጆች ቀን ግጥም፣ ዘፈንና ጭውውት አዘጋጅተን በአንድ ባዶ የዕቃ ክፍል ውስጥ ቀዳን። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ወለሉም ባዶ ነው። የድምፅ ማጉያ ሳጥኑን ቦታ እንዳይዝብን ብለን ጥግ ላይ ወሸቅነው። መልሰን ስንሰማው የከበሮው ጉምጉምታ በዛብን። እናም በመሣሪያው ላይ ወፍራሙን ድምፅ እየቀነስን፣ ቀጭኑን እየጨመርን ሁለት ቀን ሙሉ ስናስተካክል ዋልን። በመጨረሻ በዚያች ክፍል ውስጥ ማር የሆነ ቅንብር ወጣልን። በበዓሉ ዕለት ሜዳ ላይ ሲለቀቅ ግን ከበሮው የት እንደገባ አልታወቀም፤ የዘፋኟ ድምፅ ደግሞ እንደ ተፋቀ ቆርቆሮ ጆሮ ይቧጥጥ ጀመር። ሰው ሳቀብን። እኛም መሣሪያውን ረገምን፣ ፍላሹን ረገምን፣ እርስ በርሳችንም ተወቃቀስን። ክፍሉን የጠረጠረ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። አንደኛ ደረጃ ስማር ቁመቴ ረዘም ያለ ስለነበር የምቀመጠው ከመጨረሻው ወንበር ነበር። የመምህራችን ድምፅ ትልቅ ነው፤ ይሰማኛል፤ ነገር ግን ቃሉ እየተደራረበ ነበር የሚደርሰኝ። የአንዱ ቃል ጭራ የሚቀጥለውን ቃል ራስ ይሸፍነዋል። ስጠየቅ ሌላ ነገር ስለምመልስ ትኩረት የሌለኝ ተማሪ ተባልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ምክንያት ወደ ፊት ወንበር ተዛወርኩና ደረጃዬ ከፍ አለ። ያው እኔው ነበርኩ እኮ፤ የተለወጠው ወንበሩ ብቻ ነው። እዚህ ሥልጠና ከገባሁ በኋላ የሳቢንን ታሪክ ሳነብ ሁለቱም ነገሮች ባንድ ጊዜ ተገለጡልኝ።

ዋላስ ሳቢን እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን 1868 በአሜሪካ፣ ኦሃዮ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ሪችውድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በትምህርቱ ፈጣን ስለነበር ገና በ18 ዓመቱ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ከዚያም ቦስተን አጠገብ ወዳለው ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የፊዚክስ ትምህርቱን ቀጠለ፤ እዚያው አስተማሪ ሆነና ዕድሜውን በሙሉ በመምህርነት አሳለፈ። የዶክትሬት ዲግሪ አልሠራም። ብዙ ያሳተመም ሰው አልነበረም። ማስተማር ግን ይወድ ነበር፤ የሠራውን ነገር እስኪያምንበት ድረስም ደጋግሞ መፈተን ልማዱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ፎግ የሚባል የሥነ ጥበብ ሙዚየም አሠራ። በውስጡም እንደ ቲያትር ቤት ግማሽ ክብ የሆነ አንድ የማስተማሪያ አዳራሽ ነበረ። አዳራሹ ለዓይን ያማረ ነው፤ ሥራ ሲጀምር ግን ጉድ ፈላ። መምህሩ አንድ ቃል ሲናገር ድምፁ ሳይጠፋ ከ5 ሰከንድ ተኩል በላይ በአዳራሹ ውስጥ ይንከራተታል። አንድ ተናጋሪ በዚህ ጊዜ ውስጥ አሥራ አምስት ፊደል ያህል ይናገራል። እንግዲህ አሥራ አምስቱም ፊደላት ተደራርበው ባንድ ጊዜ ጆሮ ውስጥ ሲገቡ አስቡት! ተማሪው ድምፅ ይሰማል፣ ቃል ግን አይለይም። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ይህን ጣጣ እንዲፈታ ያዘዘው ገና 27 ዓመቱ የነበረውን ወጣቱን ሳቢንን ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ያህል ወደ አገራችን ልመለስ። በሀብሩ ተራሮች ሥር እረኛ ሲጮህ ገደሉ ጩኸቱን ይመልስለታል፤ የገደል ማሚቶ የምንለው ነው። ድምፅ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ገደሉ ሩቅ ስለሆነ ጩኸቱ ሄዶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ድምፅ ለብቻው ተለይቶ ይሰማል። በክፍል ውስጥ ግን ግድግዳው ቅርብ ነው። ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፣ ከወለል ወደ ጣራ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ ምላሹም ከመጀመሪያው ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። ድምፁ በተመላለሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተመጠጠ በመጨረሻ ይጠፋል። ሲሚንቶ፣ ድንጋይና መስተዋት እምብዛም አይመጡም፤ ጨርቅ፣ ጥጥ፣ ሱፍና የሰው ገላ ግን በደንብ ይመጣሉ።

ከሳቢን በፊት ይህንን በቁጥር የለካ ሰው አልነበረም። የአዳራሽ ድምፅ ሲበላሽ ሽቦ ከግድግዳ ግድግዳ እየወጠሩ ማሚቶውን እንይዘዋለን የሚሉ ነበሩ። ሽቦው ምንም አይፈይድም ነበር፤ ዳሩ ግን ሌላ መላ ስላልነበረ በየአዳራሹ ይወጠር ነበር። ሳቢን ግምቱን ትቶ መለካት ጀመረ። ዛሬ ያሉት የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች በዚያ ዘመን የሉም። የነበረው አንድ የኦርጋን ቧንቧ፣ አንድ ጊዜ መለኪያና የገዛ ጆሮው ነው። ቧንቧውን ይነፋና ያቆመዋል፤ ከዚያ ድምፁ ፈጽሞ ከጆሮው እስኪጠፋ ድረስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይመዘግባል። ቀን ቀን የመንገድ ጫጫታና የተማሪ እግር ስለማያስለካው ሥራው በሌሊት ሆነ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሌላው ሰው ሲተኛ እሱና ረዳቶቹ ይነሣሉ።

በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሳንደርስ የሚባል ሌላ ቲያትር ቤት ነበረ፤ ድምፁ መልካም ነው የሚባልለት። ሳቢን የዚያን ቤት የወንበር ትራሶች በሌሊት እያሸከመ ወደ ፎግ አዳራሽ ያመጣል። ጥቂት ትራስ ያስቀምጥና ይለካል፤ ይጨምርና ይለካል፤ እንደገና ይጨምርና ይለካል። ትራሱ በበዛ ቁጥር የድምፁ መቆያ ጊዜ እያጠረ ሄደ። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ትራሶቹ በሙሉ ተመልሰው በየቦታቸው መሆን አለባቸው፤ ጠዋት ክፍለ ጊዜ አለና። ይህ የአንድና የሁለት ሌሊት ሥራ አልነበረም፤ ዓመታት ፈጅቷል።

ከሁሉም እኔን ያስገረመኝ የልብሱ ነገር ነው። ሳቢን ብዙ ሌሊት ለክቶ ከመዘገበ በኋላ ቁጥሮቹ ትንሽ ትንሽ አልገጥም አሉት። መሣሪያውን ሲፈትሽ፣ አዳራሹን ሲፈትሽ ቆይቶ በመጨረሻ ምክንያቱን በራሱ ገላ ላይ አገኘው። አንድ ቀን ወፍራም፣ ሌላ ቀን ሳሳ ያለ ልብስ ይለብስ ስለነበር የለበሰው ልብስ ራሱ ድምፅ እየመጠጠ ልኬቱን ይለዋውጥበት ኖሯል። ልዩነቱ ኢምንት ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ምን አለበት ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ያንን ሁሉ ልኬት ጣለው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ካፖርት፣ አንድ ዓይነት ሱሪና ጫማ እያደረገ ከመጀመሪያው ጀመረ። እኛ አንድ የቤተ ሙከራ ሪፖርት ድገሙ ስንባል የምናጉረመርመውን ሳስብ አፍራለሁ።

ሳቢን መለኪያ አሃዱንም ያገኘው ከቀላል ነገር ነው፤ ከተከፈተ መስኮት። በተከፈተ መስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስም። ስለዚህ አንድ ሜትር ካሬ የተከፈተ መስኮት ድምፅን ሙሉ በሙሉ እንደሚመጥ አንድ ሜትር ካሬ ዕቃ ይቆጠራል፤ ትራሱም፣ ምንጣፉም፣ ሰውም በዚሁ ይመዘናል። ዛሬ በዓለም ላይ የድምፅ መምጠጥ አሃድ በእሱ ስም ሳቢን ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1898 ሄንሪ ሂጊንሰን የተባሉ የቦስተን ባለጸጋ ላቋቋሙት የሲምፎኒ ኦርኬስትራ አዲስ አዳራሽ ሊያሠሩ ተነሡ። ፕሬዚዳንት ኤልየትም ሳቢንን እንዲያማክሩት ነገሯቸው። ሳቢን መጀመሪያ አመነታ። በእጁ ያሉት ገና ያልተፈቱ የቁጥር ሰንጠረዦች ነበሩ፤ ያልተሠራን አዳራሽ ድምፅ አስቀድሞ መናገር ደግሞ ማንም ደፍሮት የማያውቅ ነገር ነው። ከማስታወሻዎቹ ጋር ተዘግቶ ከረመና ጥቅምት 29 ቀን 1898 ማታ ነገሩ ተፈታለት። በክፍል ውስጥ የድምፅ መቆያ ጊዜ ከክፍሉ ይዘት ጋር አብሮ ያድጋል፣ በውስጡ ካለው የመምጠጥ ኃይል ጋር ግን በተቃራኒው ይሄዳል። በሜትር ሲሰላ የክፍሉን ይዘት በ0.16 አባዝቶ ለጠቅላላው የመምጠጥ ኃይል ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ውጤት በሰከንድ ነው። ይህን ያህል ቀላል ስሌት!

ለእኛ ሥራ እንዲጠቅም አንድ ምሳሌ እንሥራ። 8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍል አለ እንበል። ይዘቱ 144 ሜትር ኩብ ነው። ወለሉ፣ ኮርኒሱና ግድግዳው ሲደመር 180 ሜትር ካሬ ይሆናል። ሁሉም ደረቅ ከሆነና ከመቶ አራት እጅ ብቻ ይመጣል ብንል የመምጠጥ ኃይሉ 7.2 ነው። 144 በ0.16 ተባዝቶ ለ7.2 ሲካፈል 3.2 ሰከንድ ይመጣል። ይህ ባዶ ክፍል ነው። አሁን 50 ተማሪዎች ገብተው ተቀመጡ፤ እያንዳንዱ 0.4 ያህል ይመጣል ብንል 20 ይጨመራል። መልሳችሁ ብታሰሉት ከ1 ሰከንድ በታች ይወርዳል። ለንግግር የሚፈለገውም ከ1 ሰከንድ በታች ነው። እንግዲህ ለማስተማር ልምምድ ባዶ ክፍል ገብተን ድምፃችንን ስንሞክር የምንሰማው ነገር ተማሪ ሲሞላ ከሚሰማው ጋር እንደማይገናኝ ከዚህ ይታወቃል።

በዚህ ስሌት መሠረት የተሠራው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ጥቅምት 15 ቀን 1900 ተመረቀ። በዓለም ላይ የድምፁ ሁኔታ በሳይንስ ተሰልቶ የተሠራ የመጀመሪያው አዳራሽ ነው። መጀመሪያ ላይ የተቹ አልጠፉም፤ ዛሬ ግን በዓለም ላይ ካሉት ምርጥ የሙዚቃ አዳራሾች አንዱ መሆኑን ባለሙያዎች ይመሰክሩለታል። በዚያው ዓመት ሳቢን ጄን ኬሊ የተባለች ሐኪም አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። ጉዱን ያፈላው የፎግ አዳራሽ ግድግዳው ላይ የሱፍ ንጣፍ ተለጥፎበት ለማስተማሪያ በቅቷል፤ ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 ፈረሰ።

ሳቢን አዳራሽ ሲለካ በነበረበት ዘመን የድምፅ ቀረጻም እየተስፋፋ ነበር። ማይክሮፎን አልነበረም። ዘፋኙ በአንድ ትልቅ ቀንድ መሰል ጡሩንባ አፍ ላይ ይዘፍናል፤ ድምፁ በስሱ ቆዳ መሰል ነገር አማካይነት መርፌ ያንቀጠቅጥና ሰም ላይ ይጻፋል። የእኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በርሊን ላይ ሸክላ ያስቀረጹት በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው። በዚያን ጊዜ ሚክስ ማድረግ ማለት ዘፋኙን ወደ ቀንዱ ማስጠጋት ወይም ማራቅ ነበር። የተበላሸውን በኋላ ማስተካከል የለም፤ ክፍሉ የሰጠውን ሰም ይቀበላል፣ አለቀ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሳቢን ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ቀጥሎም በአውሮፕላን ጉዳይ አማካሪ ሆኖ ሠራ። ኩላሊቱ ታሞ ነበር፤ ነገር ግን ዕረፍት አልወሰደም። ጦርነቱ ባበቃ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ፣ ጥር 10 ቀን 1919፣ በ50 ዓመቱ ዐረፈ። ጽሑፎቹ ተሰብስበው ባንድ መጽሐፍ የታተሙት እሱ ከሞተ በኋላ በ1922 ነው።

እሱ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ገደማ፣ በማይክሮፎን መቅዳት ተጀመረ። ከዚያ ስቱዲዮው፣ ቴፑና ዛሬ ያለው ኮምፒዩተር ተከታተሉ። አሁን ከበሮውን፣ ክራሩንና ድምፁን ለየብቻ ቀድቶ በኋላ ማመጣጠን ይቻላል። ነገር ግን የሚያመጣጥነው ሰው የሚሰማው በክፍሉ በኩል መሆኑ አልቀረም። ስቱዲዮ ሞኒተር የሚባለው ድምፅ ማጉያ የሚሠራው ከራሱ ምንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያለውን ብቻ እንዲያሰማ ነው። የቤት ድምፅ ማጉያ ብዙውን ጊዜ ጆሮ እንዲያስደስት ተብሎ ወፍራሙ ድምፅ ይጎላበታል፤ በሱ አይቶ መመዘን ክብደት በተጨመረበት ሚዛን ቡና እንደ መመዘን ነው። ሞኒተሩ ቢታመንም ደግሞ ክፍሉ ላይታመን ይችላል።

እዚህ ላይ የዚያች ዕቃ ክፍል ምሥጢር ይፈታል። ድምፅ ማጉያ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ ወፍራሙን ድምፅ እየመለሱ ያጎሉታል። እኛ የሰማነው ጉምጉምታ ከጥጉ የመጣ እንጂ በቀረጻው ላይ ያለ አልነበረም። የሌለ ጥፋት ቀነስን፤ ሜዳ ላይ ጥግ ስለሌለ ከበሮው ባዶ እጁን ቀረ። ከዚህም ሌላ በትንሽ ክፍል ውስጥ ወፍራም ድምፅ ከክፍሉ ርዝመት ጋር ይጣላል። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 7 ሜትር ያህል ነው። 3 ሜትር ተኩል በሚሆን ክፍል ውስጥ ይህ ድምፅ ግድግዳ አጠገብ ለቆመ ይጎላል፣ መሐል ለተቀመጠ ደግሞ ይጠፋል። አንዱ ከበሮው በዛ ሲል ሌላው አነሰ የሚለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የሳቢን ስሌት ለትልልቅ አዳራሾች የተስማማ ነው፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ በወፍራም ድምፅ ላይ እምብዛም አያስተማምንም።

ለሚኒ ሚዲያ ወንድሞችና እህቶች ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ድምፅ ማጉያውን ከጥግና ከግድግዳ አርቁት። ሁለት ከሆኑ እነሱና የናንተ ራስ ባለ ሦስት ማዕዘን ሥሩ። ቅንብሩን በአንድ ክፍል ብቻ ሰምታችሁ አትጨርሱ፤ በደጅም፣ በስልክም፣ ሰው በሞላበትም ስሙት። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ወፍራሙን ድምፅ አያስቆመውም፤ እንደ ድሮው ሽቦ መሆኑ ነው። ወፈር ያለ ፍራሽና ተደራርቦ የተሰቀለ ጋቢ ግን ቀጭኑንና መካከለኛውን ድምፅ ያረጋጋል።

ለእኛ ለዕጩ መምህራን ግን ጉዳዩ ከቅንብር ይበልጣል። ሳቢን የተጠራው መዝሙር ለማሳመር አልነበረም፤ ተማሪ መምህሩን ስላልሰማ ነው። ነገ ወደ ሀብሩ ወይም ወደ ሌላ ወረዳ ስንመደብ የምናገኘው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነው። ገና ስንገባ አንድ ጊዜ አጨብጭበን እናዳምጥ። ድምፁ ከቆየ ቀስ ብለን፣ ቃሉን ለይተን እንናገር፤ መጮኽ አይረዳም፣ ጩኸቱም አብሮ ይደራረባልና። ሌላ ሰው እንዲያነብ አድርገን እኛ ሄደን ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጠን እንስማ። ወንበሩንም በየጊዜው እናፈራርቅ።

ሳቢን ስህተቱን በገዛ ልብሱ ላይ እስኪያገኝ ድረስ ፈልጎ ነበር። እኛም ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ጥያቄ ሲስት ቀይ እስክሪብቶ ከማንሣታችን በፊት ወንበሩ ላይ ሄደን እንቀመጥ። እኔ ስለራሴ የማውቀው ይህንን ነው፦ ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ አጠገቤ ቢቀመጥ ኖሮ አንድ ዓመት ሙሉ ሰነፍ ነኝ ብዬ ባላመንኩ ነበር።

አንድ ዕጩ መምህር፣ ከመርሳ